ካቴናና ክብሪት

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት እዚሁ ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ መንገድ ዳር ከወንድሜ ከታምሩ ጋር ሽንኩርት እየገዛን ነው። ታምሩ የሚጥል በሽታ አለበት። መድኃኒቱን ስለሚወስድ ከወደቀ ቆይቷል... እኔም ተዘናግቻለሁ። ዘወር ስል መሬት ላይ ነው።

ሰው ወዲያው ከበበን። «ክብሪት! ክብሪት ጫሩለት!» ሽንኩርት ሻጯ ክብሪቱን ጭራ አፍንጫው ስር ልትደቅንበት ስትል እጇን ገፋሁት። ወንድሜን በጎኑ ላስተኛ ስታገል አንድ ወጣት ፖሊስ ሰዉን ጥሶ ገባ። ተመስገን አልኩ። ምን ተመስገን አለው!

ትከሻውን ጨምድዶ ሊይዘው ሲሞክር የታምሩ እጅ ተወርውሮ ፊቱን መታው። ሰካራም የተማታው መስሎት... ቀጭ! ካቴና አስገባለት።

«ምን እያደረግክ ነው? ታሞ እኮ ነው!»

«ፖሊስ እየመታ ታሞ ነው ይባላል? ዞር በይ፣ ኦቦሌቲ!» እህቴ ማለቱ ነው... እህትነቱ ቀርቶብኝ!

እኔ ደግሞ ከተናደድኩ ማንም አይመልሰኝም። በአማርኛም በኦሮምኛም ጮህኩበት። ሽንኩርት ሻጯም «ልጄ፣ በሽታ ጥሎት ነው፣ ፍታው!» ስትለው ደነገጠ። ተጣድፎ ፈታው።

ታምሩ ሲነቃ መጀመሪያ ያየው ፖሊሱ እጅ ላይ ያለውን ካቴና ነው። «ምን አጠፋሁ?» አለ ቀስ ብሎ።

ፖሊሱ አንገቱን ደፋ። «ዲፈማ... ይቅርታ። ስልጠና ላይ ሰልፍ ተምሬያለሁ፣ መሣሪያ መፍታትና መግጠም ተምሬያለሁ፣ ማሰርም ተምሬያለሁ። ሰው እንዲህ ሲወድቅ ምን እንደማደርግ ግን ማንም አላስተማረኝም።»

ንዴቴ አልበረደም... አቅጣጫ ቀየረ እንጂ።

ሰኞ ጠዋት ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ፣ ሰው እንዲህ ሲወድቅ ምን እንደሚደረግ ፖሊሶቹን የምታስተምር ነርስ ላምጣ አልኩ። ኃላፊው «አባሎቻችን በቂ ስልጠና ወስደዋል» አሉኝ።

«በቂ ከሆነ ወንድሜ ለምን ታሰረ?»

«ነገ ተመለሺ።»

ተመለስኩ። ስብሰባ ላይ ናቸው። በማግስቱም ሄድኩ። የበሩ ጠባቂ «ዛሬም መጣሽ?» እያለ ይስቅብኛል። ይሳቅ! በመጨረሻ ሰልችቻቸው መሰለኝ፣ ኃላፊው «ቶሌ፣ እሺ፣ አርብ ጠዋት ከሰልፍ በኋላ ነይ» አሉ።

ታምሩን የምትከታተለውን ነርስ ለምኜ እሺ አሰኘኋት። ታምሩም «እኔም እሄዳለሁ» አለ።

«አንተ ደግሞ ምን ልታደርግ?»

«የምወድቀው እኔ አይደለሁ እንዴ?»

አርብ ነርሷ ስታስረዳ ታምሩ ጣቢያው ግቢ መሃል ሳሩ ላይ ተጋደመላቸው። «ማን ይጀምራል?» ስትል ያ ወጣት ፖሊስ ወጣ። ተንበርክኮ ቀስ አድርጎ በጎኑ አዞረው፣ ጃኬቱን አጥፎ ከራሱ ስር አደረገለት። ታምሩ አንድ ዓይኑን ገልጦ «ዛሬ ካቴና የለም?» አለው። ግቢው በሳቅ አለቀ። ፖሊሱ ግን እየሳቀ እንባውን ጠረገ... እኔም ያው።

ፖሊሶቹ መማር ጀምረዋል። ቀጥሎ የምመጣው ገበያ ነው... ክብሪታችሁን አስቀምጡ!