ያልሞተችው ሴል

«ሐኪሞቹ ሞቷል ካሉ በኋላ ማን ቀሰቀሰው?»

አክስቴ ይህን የጠየቀችኝ ወልቂጤ መናኸሪያ፣ ወደ መንደሯ አገና የሚሄደው ሚኒባስ እስኪሞላ ስንጠብቅ ነው። እኔ በባዮሎጂ ተመርቄ ወር አልሞላኝም። የእሷ የጡት ካንሰር በመድኃኒት ሟሽሾ፣ ጠፋ ተብሎ፣ ተመልሶ መጥቷል። እንደ ፈተና ወረቀት «ሴሎቹ መድኃኒቱን ተላመዱት» አልኳት። ለዚህ ነው ሦስት ዓመት የተማርሽው በሚል ፊት አየችኝ። ተናደድኩ። ይበልጥ ያናደደኝ ደግሞ ልክ መሆኗ ነው።

መንደሩ ጥፋቱን በእሷ ላይ ጥሎታል። ሳትጠነክር ከሴቶቹ ጋር እንሰት ስትፍቅ ቀሰቀሰችው ተባለ፤ እሷም አመነች። «በገዛ እጄ ላመጣሁት ሌላ መድኃኒት ምን ሊያደርግ?» ብላ ሐኪሙ ያዘዘላትን አዲስ ሕክምና እምቢ አለች።

ለምን ተመለሰ ብዬ የዩኒቨርሲቲ አስተማሪዬን ሄጄ ነዘነዝኩት። ሲሰለቸው አንድ ፊልም በፍላሽ ሰጠኝ። ወልቂጤ ኢንተርኔት ቤት ተቀምጬ ከፈትኩት። የውጭ አገር ተመራማሪዎች በሕይወት ያለች አይጥ ቆዳ ላይ ትንሽ መስታወት ገጥመው የካንሰር እብጠቷን ከነነፍሱ ቀርጸውታል። በቀለም የሚያበሩት ሴሎች አንድ በአንድ ለሁለት ይከፈላሉ። መድኃኒቱ ሲገባ ሊከፈሉ የተነሱት መሃል ላይ ተገተሩ፤ ብዙዎቹ ሞቱ። አንዷ ግን ሳትከፈል ሹልክ ብላ ወጣችና ተኛች። መድኃኒቱ ሲያልቅ እንደገና መከፈል ጀመረች። ደጋግሜ አየኋት።

«እህት፣ ፊልሙ አላለቀም እንዴ?» አለኝ ባለቤቱ።

ለኔ ገና መጀመሩ ነበር።

በማግስቱ አገና ስደርስ ሴቶቹ የአክስቴ ጓሮ ተሰብስበው እንሰት ይፍቃሉ። እሷ፣ የቤቱ ባለቤት፣ እንደ እንግዳ ዳር ተቀምጣለች። አንዷ ጎረቤት ሥራዋን ሳታቋርጥ «መጣች ምሁሯ፣ እጇ ቆጮ ሳይነካ» አለች። ሳቁብኝ። እኔም ሳቅኩ፤ እውነቷን ነዋ።

አክስቴን በክንዷ ይዤ አሚቾ፣ የእንሰቱን ሥር፣ ለችግኝ ወደቀበረችበት ወሰድኳት። የእንሰቱን ግንድ ቆርጣ፣ ሥሩ ላይ ያለውን የአሚቾውን ልብ ጎርጉራ አውጥታ፣ ፍግና አፈር መልሳበት ነበር። አሁን ዙሪያውን ችግኝ ፈልቷል።

«ልቡን ስታወጪው ሞቶ ነበር?» አልኳት።

«ምን ይሞታል? ቡቃያው ከጎኑ ተኝቶ ነው እንጂ» አለችና ቀስ ብላ ቀና አለች።

በኋላ እሺ ብላ የወሰደችው ያ አዲሱ ሕክምና ካለቀ ከርሟል። ዛሬ እሷ ስትፍቅ የሚደርስባት የለም፤ ያቺ ጎረቤት ራሷ ትመሰክራለች። ያኔ ግን ሁሉም እንዲሰሙ ድምፄን ከፍ አድርጌ እንዲህ አልኳት፦

«አንቺ አልቀሰቀስሽውም፣ አክስቴ። ቀድሞም አልሞተም። መድኃኒቱ የያዘው ሊከፈል የተነሳውን ነው፤ የተረፈው ተኛ፣ መድኃኒቱ ሲሄድ በራሱ ጊዜ ነቃ። አሁን የሚሰጥሽ ሌላ ዓይነት ነው። በይ ነጠላሽን አምጪ፣ የወልቂጤው ሚኒባስ ሞልቶ ሳይሄድብን።»