ጃንጥላ ሻጯን ያየንባት አርብ

ትናንት ከሰዓት በኋላ የእህቴ ልጅ ከዝናቡ ሸሽታ ገባችና ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ስልኳን ፊቴ ላይ ደቀነችው።

«አክስቴ፣ እስቲ ይህን እዪልኝ። ልጄ ካላየሁት ብላ ነዝንዛ ገደለችኝ። የፈረንጅ የፍቅር ፊልም ነው። ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ይሆናል?»

ስልኩ ላይ አንድ ወንድና አንዲት ሴት በአንድ ብስክሌት ተፈናጠው በቤቶች ጣሪያ ላይ ይጋልባሉ፤ ሁለቱም ይስቃሉ። «አስቤበት ማታ እደውልልሻለሁ» አልኳት። በፊልም ላይ ማሰብ ምን ያስፈልገዋል ብላ ሳይሆን አይቀርም፣ ገርሟት ሄደች።

ጦርነቱ ከካርቱም ካባረረን ወዲህ ጎንደር ነኝ። ክረምቱን ገና አልለመድኩትም። ያን ሁሉ ዓመት ዝናብ ሲናፍቀኝ ኖሬ፣ አሁን ሲዘንብ የማደርገው ይጠፋኛል፤ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ዝም ብዬ አየዋለሁ። ጥያቄዋ ግን አዲስ አልሆነብኝም። ወጣት ሳለሁ ካርቱም፣ አል-ሳሃፋ የሚባል ሰፈር ይህንኑ ጠይቀውኝ እንደ ዳኛ አስቀምጠውኝ ነበር።

ያኔ ከዓባይ ማዶ ባለው የካርቱም ክፍል፣ ባሕሪ፣ በአንድ ባለጸጋ ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ከዕቃና ከልብስ በቀር የልቤን የማጫውተው አልነበረኝም። አርብ እረፍቴ ነው። ጠዋት ፉሌን በዘይትና በሽንኩርት አሽቼ በልቼ፣ አውቶቡስ ይዤ፣ ድልድዩን ተሻግሬ አል-ሳሃፋ ጋሽ ወርቁ ግቢ እደርሳለሁ። ጋሽ ወርቁ ካርቱም ያረጁ ባለሱቅ ናቸው። ግቢያቸው ውስጥ የአገሬን ሰዎች ልጆች ሰብስቤ ፊደል አስቆጥር ነበር። እዚያ የተወለዱት ልጆች አረብኛውን እንደ ውኃ ይጠጡታል፣ አማርኛው ላይ ይንተባተባሉ። ወላጆቻቸው ደግሞ አረብኛውን ይናገሩታል እንጂ አያነቡትም። እኔ በአሠሪዎቼ ልጆች መጽሐፍ አረብኛ ማንበብ ጀማምሬ ስለነበር በሁለቱም ወገን ተፈላጊ ነበርኩ። ልጆቹ «ኡስታዛ» ይሉኝ ነበር፣ መምህርት ማለታቸው ነው። በሳምንት አንድ ቀን የምከበርበት ቦታ እሱ ብቻ ነበር።

ከትምህርቱ በኋላ ፊልም አለ። ለፊልሙም ደንብ አለ፤ ተዋናዮቹ ሊሳሳሙ ሲጠጋጉ ሁለት ሴቶች ብድግ ብለው ነጠላ ዘርግተው ቴሌቪዥኑን ይጋርዳሉ። ልጆቹ ያጉረመርማሉ፣ ነገሩ ሲያልፍ ነጠላው ይወርዳል። ማንም አያፍርበትም፤ የቤተ መቅደስ መጋረጃ የሚከፈትና የሚዘጋ ያህል ለምደነው ነበር።

አንድ ሰሞን ጋሽ ወርቁ ከገበያ የፈረንጅ ፊልም ይዘው መጡ። እናቶች ሽፋኑን አይተው ተንጫጩ። አንዷ ነውር ነው ትላለች፣ ሌላዋ ልጆቹ ትልልቆች ናቸው ትላለች። ጋሽ ወርቁ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ ቀድመሽ እዪውና ፍረጂ። ለትልልቆቹ ልጆች ኩዌይስ ከሆነ እናሳያለን። ጥሩ ካልሆነ፣ ኸላስ፣ በቃ።»

በሚቀጥለው አርብ በጠዋት ሄጄ ሳሎናቸው ውስጥ ብቻዬን አየሁት። ዝናብ በማይዘንብበት ከተማ ጃንጥላ የምትሸጥ ሴት ናት። ሰው ይስቅባታል። አንድ ፊኛ አብራሪ ግን ይወዳትና፣ ደመና በገመድ ስቤ አመጣልሻለሁ ብሎ በሰማይ ይሄዳል። እሷ ትጠብቃለች። ድመቷ ታረጃለች፣ ጃንጥላዎቹ ይደበዝዛሉ። በመጨረሻ አንድ ጠዋት ደመናውን እንደ በግ እየጎተተ ይመጣል፤ ይዘንባል፤ ይሳሳማሉ።

ፊልሙ ሲያልቅ መጨረሻውን መልሼ አየሁት።

ሰለሞን የሚባል እጮኛ ነበረኝ። ካርቱም አብረን ገባን። በቀን ሥራ ሲማስን ከረመና በሊቢያ በኩል ሊሻገር ተነሳ። «ስደርስ እደውላለሁ፣ ኢንሻላህ» ብሎኝ ሄደ። ክረምት አልፎ ሌላ ክረምት ቢመጣም ስልክ የለም። አል-ሳሃፋ ያለ ሐበሻ ሁሉ እንደማይመለስ ያውቅ ነበር መሰለኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፣ እኔ ብቻ አላውቅም።

ደግሞ ማህሌት አለች። ከልጆቹ ሁሉ ዝምተኛዋ ናት፣ ሁልጊዜ በሩ አጠገብ ነው የምትቀመጠው። አባቷ በዚያው መንገድ ሄዶ ድምፁ ጠፍቷል። እናቷ ዘውዲቱ ጀሪፍ በሚባል ሰፈር ሰው ቤት እያደረች ትሠራለች፣ ልጇን የምታገኛት አርብ አርብ ብቻ ነው።

«ጋሼ፣» አልኳቸው፣ «መሳሳሙን ነጠላው ይችለዋል። መመለሱ ነው የማይሆነው።»

«ለማን ነው የማይሆነው?»

«ለማህሌት። ትጠብቃለች።»

ጋሽ ወርቁ ትክ ብለው አዩኝ። ሊናገሩ የፈለጉትን ዋጡትና፣ «እንግዲያው እናትየው ትወስን» አሉ።

ዘውዲቱ አቧራ እንደለበሰች መጣች። ሁሉንም ነገርኳት። ሻርፗን እያራገፈች ሰማችኝና፣ «ልጄ ሳምንቱን ሙሉ ከእውነቱ ጋር ነው የምትኖረው» አለች። «ከውሸት ጋር አንድ ከሰዓት ብታሳልፍ ምን ትሆናለች? ትየው።»

የዚያን ቀን ሃቡብ ተነስቶ ነበር። ሰማዩ እንደ ሸክላ ቀልቶ አሸዋው መስኮቱን ይደበድባል። በሩን ዘግተን፣ ቀዝቃዛ ከርከዴ እየጠጣን፣ በላብ ተጠምቀን አየን። ልጆቹ በድመቷ ሳቁ። መጨረሻው ሲቃረብ እኔና ዘውዲቱ ተነስተን ነጠላውን ዘረጋን።

አንድ ነገር አላሰብንም። እስከዚያ ቀን የምናሳያቸው የግብፅ ፊልም ነበር፣ ጽሑፍ የለውም። ይህኛው ከሥሩ በአረብኛ ተጽፎበታል። እንደ ልማዳችን የተዋናዮቹን ፊት ከጋረድን ይበቃል ብለን ቆምን፣ ጽሑፉ ከነጠላው በታች ተገልጦ ቀረ። ልጆቹም አንድ ላይ፣ ፊደል እንዳስቆጠርኳቸው አድርገው፣ ጮክ ብለው ያነቡት ጀመር። የመጽሐፍ አረብኛ የማይገባቸው እናቶች «ምንድን ነው የሚሉት?» እያሉ ይስቃሉ። እኔ ጀርባዬን ለቴሌቪዥኑ ሰጥቼ ቆሜ፣ የሰውየውን ቃል በልጆቹ አፍ ሰማሁት።

«የቆየሁት ረስቼሽ አይደለም። መንገዱ ነው የረዘመብኝ።»

እንባዬ መጣ። እጄ ነጠላውን ይዟል፣ ፊቴን የምሸፍንበት የለኝም። ሁሉም ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። ሞት ይሻላል አልኩ በልቤ።

ማህሌት በሩ አጠገብ ካለችበት ተነሳች። አላለቀሰችም። መጥታ የነጠላውን ጫፍ ከእጄ ወሰደችና ከቴሌቪዥኑ ላይ አንስታ፣ በእግሯ ጣቶች ቆማ፣ እኔን ጋረደችኝ።

«ኡስታዛ፣ አንቺ አትዪ» አለችኝ በቀስታ። «ይሄ ለአንቺ ኩዌይስ አይደለም።»

መሳሳሙን ልጆቹ ሁሉ አዩት። የተቆጣቸው ሰው አልነበረም።

ሲመሽ አውቶቡሱ ውስጥ፣ ድልድዩ ላይ፣ ጥርሴ ውስጥ አሸዋ እያንቀጫቀጨ፣ ያቺ ልጅ አባቷ እንደማይመጣ ከእኔ በፊት አውቃ እንደጨረሰች ገባኝ። እናቷ ነግራታለች። ለእኔ የነገረኝ አልነበረም። ከዚያም ወዲያ ቢሆን መጠበቄን አልተውኩም፣ ምን ልዋሽ። ስልክ በጮኸ ቁጥር ልቤ የሚዘልበት ጊዜ ብዙ ነበር። ሰለሞን አልደወለም። ማህሌትንም ጦርነቱ ወዴት እንደጣላት እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ማታ ዝናቡ ሲያባራ ለእህቴ ልጅ ደወልኩላት።

«ፊልሙን ትየው» አልኳት። «ብቻ እኔ ቤት አምጫትና አብረን እንየው።»

«ምነው፣ ለእሷ የሚያስፈራ ነገር አለው እንዴ?»

«ለእሷስ የለውም» አልኳት።