ለበቅሎ ክብር የጠፋ ሞተር

መኪና ጠዋት በአንድ ዙር ተነሥቶ፣ ከሞቀ በኋላ ግን ለጥቂት ጊዜ አጥፍታችሁት ዳግመኛ አልነሣም ብሎ አስቸግሯችሁ ያውቃል? መኪና የሌላችሁም ብትሆኑ በሌላ ሰው መኪና ተሳፍራችሁ ይህን አይታችሁ ይሆናል። እኔ አይቻለሁ። የሆነው አምና በሚያዝያ፣ ከአዳሚ ቱሉ ወደ ሞጆ ባቡር ጣቢያ ስንሄድ ነው። የማልረሳው የመኪናይቱን ሕመም አውቀን፣ መድኃኒቱንም አግኝተን ሳለ ስለ ተሸነፍን ነው።

እኔ አዳማ አስተማሪ ነኝ። ታላቅ እኅቴ ዘነበች አዳሚ ቱሉ አግብታ ትኖራለች። እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ እርሷ ስለ ሆነች እስከ ዛሬ እታለም ነው የምላት። እሾህ እግሯን ወግቷት ቁስሉ አመረቀዘ፤ እስከ ጉልበቷ አበጠ፤ ትኩሳትም ያዛት። አዲስ አበባ ሐኪም ዘንድ መድረስ ነበረባት። ባቡሩ በየቀኑ አይመጣም። የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ በሞጆ የሚያልፈው ካመለጠን፣ ሌላውን ለማግኘት ቀናት መጠበቅ ነበረብን። ቁስሉ ደግሞ ቀናት የሚሰጥ አልነበረም።

በዚያ መንገድ መኪና ገና ብርቅ ነው። ዕድል ሆኖ እንድሪስ የሚባል የወሎ ሰው ቆዳ ጭኖ ወደ ሞጆ ሊሄድ ተነሥቶ አገኘነው። መኪናይቱ ኋላዋ ክፍት የሆነ ትንሽ የጭነት መኪና ናት። ቆዳው ላይ ገለባ ጎዝጉዘን እታለምን አስተኛናት። እንድሪስ ከፊት ያለውን የማስነሻ ብረት አንድ ጊዜ ቢያዞረው ሞተሩ ተነሣ።

«አየህ መምህር፣» አለኝ፤ «እንደ ጥሩ ሚስት ናት። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምጠራት።»

«ሚስትህ ይህን ትስማ፤» አለችው እታለም ከቆዳው ላይ ሆና።

መቂ ስንደርስ እንድሪስ ለሞተሩ ውሃ ሊጨምር አጠፋት። ጨምሮ ሲያበቃ ብረቱን ቢያዞር፣ ቢያዞር ዝም። ፀሐዩ ያነድዳል። ላቡን ጠርጎ፣ «ደክሟት ነው። እንደ በቅሎ ትረፍ፤» አለ።

ብረት አይደክምም ብዬ ተከራከርሁት። ከዚያ አብረን ምክንያቱን በተራ መፈለግ ጀመርን። ሞተር እንዲነሣ እሳትና ቤንዚን ያስፈልገዋል። እንድሪስ እሳቱን ከሚፈነጥቀው ካንዴላ ላይ ሽቦውን ነቅሎ ወደ ሞተሩ ብረት አስጠጋ፤ እኔ ማስነሻውን ሳዞር ብልጭ አለ። እሳቱ ደኅና ነው ማለት ነው። የቤንዚኑን በርሜል ከፍተን አየን፤ ቤንዚን አለ። እንግዲህ ችግሩ ያለው ቤንዚኑ ከበርሜሉ ወደ ሞተሩ በሚሄድበት መንገድ ላይ ነው። ቀጭኑን የመዳብ ቧንቧ በእጄ ስከተለው፣ ከጭስ ማውጫው አጠገብ በሚያልፍበት ቦታ ላይ ጣቴን አቃጠለኝ።

ያን ጊዜ ገባኝ። ቤንዚን ውሃን ከሚያፈላው ባነሰ ሙቀት ይፈላል። መኪና ሲሄድ ነፋሱ ቧንቧውን ያቀዘቅዘዋል፤ ቤንዚኑም ሳይቆም ያልፋል። ሲቆም ግን ነፋስ የለም። የሞተሩ ግለት ቧንቧውን ያግለዋል፤ ውስጡ የቆመው ቤንዚን ወደ እንፋሎት ይለወጥና መንገዱን ይዘጋዋል። ከቀዘቀዘ በኋላ መንገዱ ራሱ ይከፈታል። ሰው «አረፈች» የሚለው ይህን ነው።

ከነጠላዬ ጫፍ ቀድጄ፣ ውሃ ውስጥ ነክሬ ቧንቧው ላይ ጠመጠምሁት። ጨርቁ ጤሰ። እየደጋገምሁ አራስሁት። እንድሪስ ብረቱን ቢያዞር ተነሣች።

ከብበው ሲያዩን ከነበሩት አንድ ሽማግሌ በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገሩና ሰው ሁሉ ሳቀ። እታለምም ሕመሟን ረስታ ሳቀች።

«ምን አሉ?» አልኋት።

«‹ራሷን አሟት ኖሯል ወይ፣ ሻሽ ያሰራችሁላት?› ይላሉ።»

ከዚያ ከእንድሪስ ጋር ተስማማን፤ ሞጆ እስክንደርስ ሞተሩ አይጠፋም። ለክፉ ቀን ብለንም አንድ ቆርቆሮ ውሃ ሞልተን ያዝን።

ሞጆ ልንገባ ጥቂት ሲቀረን ከፊታችን አቧራ ታየ። አንድ ትልቅ ባላባት አጃቢ አስከትለው በበቅሎ ይመጣሉ። ስማቸውን አልጽፍም። የአገራችንን ሥርዓት ታውቃላችሁ፤ በበቅሎ የሚሄድ ሰው የሚበልጠውን ሲያገኝ ወርዶ እጅ ይነሣል። ለመኪና የተለየ ሥርዓት ስላልወጣ ባለመኪናም እንዲሁ ያደርጋል። በዚያ ላይ በቅሎዎቹ እንዳይደነብሩ ሞተሩን ያጠፋል። ሞተር እያጓራ እጅ መንሣት በትልቅ ሰው ፊት እንደ መጮህ ይቈጠራል።

«እንድሪስ፣ አታጥፋት፤» አልሁት። «ወርደህ እጅ ንሣ፤ እርሷ ግን ትጩህ።»

«አንተ አዳማ ትገባለህ፤» አለኝ። «እኔ ነገም በዚህ መንገድ አልፋለሁ።» አጠፋት።

ባላባቱ ክፉ ሰው አልነበሩም። እታለምን ሲያዩ ከበቅሏቸው ወርደው ምን እንዳገኛት ጠየቁ፤ እግሯንም አይተው ከልባቸው አዘኑ። እኔ መሬት እስክነካ ጎንበስ ብዬ፣ «ጌታዬ፣ ባቡሩ እንዳያመልጠን ያሰናብቱን፤» አልሁ።

«ባቡሩን ‹ያዘገየኋቸው እኔ ነኝ ብለዋል› በሉት፤» አሉ። «ስሜን ጥሩለት። ይጠብቃል።»

አጃቢዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። የሳቀ የለም። ከዚያ ባላባቱ መኪናይቱን ዞረው አዩና፣ አስተማሪ መሆኔን ሲሰሙ ሞተሩ እንዴት እንደሚሠራ ንገረኝ አሉኝ። ነገርሁ። አሳጥሬ ብመልስ አንዱ ጥያቄ ሌላውን ወለደ። በዚህ መካከል አንዱ አጃቢ ቆርቆሮአችንን አይቶ አንሥቶ ለጌታው በቅሎ አቀረበላት። እንድሪስ አየ፤ እኔም አየሁ። ከትልቅ ሰው በቅሎ አፍ ላይ ውሃ አይነጠቅም። በቅሎይቱ ጠጥታ ስትጠግብ የቀረውን በአፍንጫዋ ገፍታ ደፋችው።

«እግዚአብሔር ይማርሽ፣ ልጄ፤» ብለው እታለምን መርቀው ሄዱ።

እንድሪስ ብረቱን አዞረ፤ ዝም። ጨርቁ ደርቆ እንደ ቅርፊት ሆኗል። ምራቁን እንትፍ ሊልበት ሞከረ፤ አፉም ደርቆ ነበር። ለመግፋት ብንሞክር ጎማው አሸዋ ውስጥ ገባ። የመኪናይቱን ሕመም በደንብ አውቀዋለሁ፤ መድኃኒቷ ግን እግሬ ሥር አፈር እየጠጣው ነበር።

ከኮረብታው ማዶ ባቡሩ ሲያፏጭ ሰማን።

«ሂድ እንጂ፣» አለችኝ እታለም ተኝታ እንዳለች፤ «ሮጠህ ስማቸውን ንገረው።»

ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ መኪናይቱ ምንም እንዳልነበረባት በአንድ ዙር ተነሣች። ጣቢያው ስንደርስ ሐዲዱ ባዶ ነበር። በሚቀጥለው ባቡር አዲስ አበባ ስንገባ ሐኪሙ እግሯን አይቶ፣ «ትንሽ ቀደም ብላችሁ ቢሆን፤» አለ። ከጉልበቷ በላይ ቈረጡት።

አሁን በምርኩዝ ትሄዳለች። እንድሪስን አልወቅሰውም። ባላባቱን ልጠላቸው ሞክሬ ነበር፤ ምርቃታቸው ከልብ ስለ ነበረ እሱንም አልቻልሁም። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው፤ የምቈጣበት ሰው አጣሁ። በቅርቡ እታለምን ልጠይቅ ሄጄ ሳለ ከእርሳቸው ዘንድ ሰው መጣ። ባቡሩ ጠብቋችሁ እንደሆነ ጠይቅ ብለውት ነው። ልናገር አፌን ስከፍት እታለም ቀደመችኝ።

«ጠብቆናል በላቸው፤ እግዜር ይስጥልን፤» አለችው። ከሄደ በኋላ ወደ እኔ ዞራ፣ «እንድሪስ እኮ አሁንም በዚያ መንገድ ነው የሚያልፈው፤» አለች።

ስለዚህ በቆላ መንገድ መኪና የምትነዱ ሁሉ፣ ሞተራችሁ ሞቆ እንቢ ካለ ቧንቧውን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉት፤ ይሠራል። ሌላም እንድትሞክሩልኝ የምለምናችሁ ነገር አለ። መንገድ ላይ ትልቅ ሰው ስታገኙ ውረዱ፣ ባርኔጣችሁን አውልቁ፣ ዝቅ ብላችሁ እጅ ንሡ። ሞተሩን ግን አታጥፉ። በቅሎዎቹ ይደነብሩ እንደሆነ እስቲ እናንተው እዩ።