ከራግንቫልድ ወረቀት የተሰረዘው መስመር

ራግንቫልድ ኦስትሊን በሕይወቱ ሰው የመታው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። የመጀመሪያው አባቱ ነበር፤ በአሥራ አራት ዓመቱ፣ አባቱ መጽሐፎቹን ምድጃ ውስጥ የከተተ ዕለት። አባትየው ደሙን ከከንፈሩ ጠርጎ ሳቀና፣ «ይህ ጡጫ ለሸክም ይሆናል» አለው። በማግስቱ ልጁ በስዊድን፣ በሳንድቪካ ወደብ እንጨት ያወርድ ጀመር። ከዚያም ወዲያ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ መጽሐፍ አልገለጠም።

ወደ መጽሐፍ የመለሰው የሆልገር ሞት ነው። ሆልገር ሃያ ዓመት አብሮት ምሳ የበላ ሰው ነበር። አንድ የውጭ አገር መርከበኛ ለማገዶ ከሰጋቱራ የተጠቀጠቀ የእንጨት እንክብል የጫነ መርከብ ውስጥ፣ ወደ ጭነቱ የሚያወርደውን በር ከፍቶ ገባና ወደቀ። ሆልገር ሊያወጣው ሮጠ። ሁለቱንም በሜንጦ ስበው ሲያወጧቸው የሆልገር ፊት ብረቱ ደረጃ ላይ ተሰባብሮ፣ ጥፍሮቹ ተነቃቅለው ነበር። እንጨቱ ተዘግቶ ሲከርም የክፍሉን አየር በልቶ መርዝ ይተፋል። ማስጠንቀቂያው በሩ ላይ ተለጥፏል፤ ነገር ግን በስዊድንኛ ብቻ ነበር።

ራግንቫልድ በሃምሳ ሦስት ዓመቱ መዝገበ ቃላትና የተማሪ የኬሚስትሪ መጽሐፍ ገዛ። ማስጠንቀቂያውን ወደ እንግሊዝኛ መመለስ ሁለት ክረምት ፈጀበት። ስዊድኖች ናይትሮጅንን በቋንቋቸው የሚጠሩት ከማነቅ በወጣ ስም ነው፤ ስሙ ራሱ ጉሮሮ ይይዛል። እንግሊዝኛው ግን ለመርከበኛ ምንም አይነግረውም። ስለዚህ ስሙን ብቻ ገልብጦ አልተወም፤ ከየጋዙ ጎን ሥራውን ጻፈ። በካርቦን ሞኖክሳይድ ትይዩ፣ «ሽታ የለውም። መውደቅህን ሳታውቅ ትወድቃለህ» አለ። ከሁሉ በታች ደግሞ የራሱን መስመር ጨመረ፦ «ጓደኛህ ቢወድቅ ተከትለኸው አትውረድ።»

የወደቡ የደኅንነት ኃላፊ ኡልፍ ዳሌን ያችን መስመር በቀይ ሰረዛት።

«ይህቺ ስዊድንኛው ላይ የታለች?»

«የለችም።»

«ታዲያ ትርጉም ነው ስብከት? ቄስ ሆንክብኝ እኮ!»

«ሆልገርን የገደለው ጋዙ ብቻ አይደለም፤ ሩጫውም ነው።»

«ስሞቹን ተርጉምልኝ አልኩህ፤ ሌላውን ለእኔ ተወው።»

ወረቀቱ ያለ መስመሯ ተለጠፈ። ስምንት ዓመት አለፈ፤ ራግንቫልድ ስለ እሷ መሟገቱን አልተወም።

በመጋቢት አንድ ረፋድ፣ የወደቡ ድንጋይ በረዶ እንደለበሰ፣ ዴልፊን የሚባል ፊሊፒናዊ መርከበኛ በዚያው ዓይነት በር ገባ። ወረቀቱን አንብቦታል። ግን በሩ ከጠዋት ጀምሮ ክፍት ነበርና አየር የገባ መሰለው፤ ከታች የሚወጣውም አዲስ የተላገ እንጨት ሽታ ነው፤ ማን ይፈራዋል? እንደ ጆንያ ዱብ ሲል የብረቱ ድምፅ ላይ ድረስ ተሰማ።

ወንድሙ ሮጌልዮ የተሸከመውን መሰላል ጥሎ ሮጠ። ራግንቫልድ በሩ ላይ ደረሰበትና አንገትጌውን ያዘው።

«ልቀቀኝ! ወንድሜ ነው!»

«የአየር ጭምብል ያላቸው ሰዎች እየመጡ ነው። አትወርድም።»

«ልቀቀኝ አልኩህ፣ አንተ ሽማግሌ ውሻ!»

«ውሻ ነኝ። አትወርድም።»

ሮጌልዮ በክርኑ አፉን መታውና ሁለት ጥርሱን አረገፈው። እጁን ሥጋው እስኪለያይ ነከሰው። ራግንቫልድ በተነከሰው እጁ ይዞ በሌላው መታው፤ አፍንጫው ሲሰበር ተሰማ። ሰውየው ግን ደም እየረጨ እንደገና ወደ በሩ ተሳበ። ራግንቫልድ ደገመው፤ ሠለሰው፤ ከዚያ ደረቱ ላይ ተቀመጠበት። ከሥሩ እንደሚታረድ በሬ ይጮህ ነበር። የእሳት አደጋ ሰዎች ጭምብላቸውን አጥልቀው እስኪገቡ ዘጠኝ ደቂቃ አለፈ። የዴልፊንን ሬሳ አወጡ።

ራግንቫልድ ተነሣለት። ሮጌልዮ ጎኑን በጫማው ደጋግሞ ረገጠው። ራግንቫልድ እጁን አላነሣም።

በሦስተኛው ቀን፣ መርከቡ ሊሄድ ሲል፣ ሮጌልዮ ወደ ሠራተኞቹ ምሳ ክፍል መጣ፤ አፍንጫው በጥጥ ተወትፎ፣ ዓይኖቹ ጠቁረው። ራግንቫልድ ጎኑ በፋሻ ታስሮ፣ ጥርስ በቀረው በኩል የአጃ ዳቦ ያኝክ ነበር። ኡልፍ ዳሌን በቀይ የሰረዘውን የመጀመሪያውን ወረቀት ይዞ አጠገቡ ቆሟል።

«መስመሯን እመልሳታለሁ» አለ ኡልፍ አንገቱን ደፍቶ። «ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«ምንድን ናት?» አለ ሮጌልዮ ቀዩ የሸፈናትን መስመር እያየ። ራግንቫልድ በእንግሊዝኛ ነገረው።

«ባነባት ኖሮ የምቀር መስሎሃል?»

«አትቀርም ነበር።»

«ታዲያ ምን ትሠራለች?»

ራግንቫልድ ማኘኩን ተወ። ስምንት ዓመት የተሟገተላትን መስመር ያን ጊዜ ገና በደንብ አያት፤ የተጻፈችው ለማይሰማ ሰው ነበር። ወረቀቱን ከኡልፍ ተቀበለና በዳቦው ቢላ ጫፍ የተሰረዘችው መስመር ያለችበትን የታችኛውን ጠርዝ ቆርጦ ጣለ። ከዚያ እስክሪብቶ ጠይቆ፣ በቀረው ወረቀት ግርጌ በተነከሰው እጁ መጀመሪያ በእንግሊዝኛ፣ ቀጥሎ በስዊድንኛ ጻፈ፦ «ጓደኛውን ተከትሎ የሚወርድ ካየህ ያዘው። እምቢ ካለህ ምታው።»

ኡልፍ አነበበና ፊቱ ተለወጠ። «ራግንቫልድ፣ ይህንን እንዴት ብዬ እፈርማለሁ? ሰው ምታ ተብሎ ይጻፋል?»

ሮጌልዮ እስክሪብቶውን ከራግንቫልድ እጅ ወሰደ። ከሥሩ በአገሩ ቋንቋ ያንኑ ደገመበት። ጽፎ ሲጨርስ ወረቀቱን ወደ ኡልፍ ገፋው።

«ፈርም» አለው።

ኡልፍ የተሰበረውን አፍንጫ አየ፤ ከዚያ ፈረመ።

ሮጌልዮ ራግንቫልድን አልጨበጠውም፤ አላመሰገነውምም። ከበሩ ላይ ዞሮ፣ «ጎንህ ይድናል?» አለው።

«ይድናል።»

«አይዳን» ብሎ ወደ መርከቡ ሄደ።