ልደታን ከላይ ያየሁ ቀን

አብነት ሰፈር፣ ጸጉሬን የምቆረጥበት ሙዲን ዘንድ ተራ የሚጠበቀው የአውሮፕላን ወንበር ላይ ነው። ሦስት ወንበሮች አንድ ላይ የተያያዙ ናቸው። ከየት እንዳመጣቸው እግዜር ይወቅ፤ እሱ "ከሐራጅ ነው" ይላል። ሰማያዊ ጨርቃቸው ነጥቷል፣ ቀበቷቸው ተቆርጧል። የመሃለኛው ደግሞ አምነው ሲደገፉት ይዞ ወደ ኋላ ይሄዳል። መጀመሪያ የጣለኝ ቀን "ይሄን ነገር ወይ አሠራው ወይ ጣለው" ብዬ ተቆጥቼ ነበር። ሙዲን ስቆ "ጋሽ ፍቅሩ፣ ደንበኛው እኮ ለዚሁ ብሎ ነው የሚመጣው" አለኝ። ከዚያ ወዲህ የምቀመጠው በግድግዳው በኩል ካለው ላይ ነው። አየር ላይ ቢሆን ኖሮ የመስኮቱ ወንበር እሱ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ እንደተቀመጥኩ ሙዲን መቀሱን እንደያዘ መጣና ጆሮዬ ሥር ጎንበስ አለ።

"ጋሽ ፍቅሩ፣ አሁን ቢኒ ሊመጣ ነው። እናቱ ወሊሶ አርፈዋል። እሱ አልሰማም። ነገ ሊነጋጋ ሲል ሽማግሌ ይዘን ነግረነው፣ በዚያው ለቀብር ይዘነው እንሄዳለን። አደራዎን።"

ቢኒ ጎረቤት ካለው የመኪና ዕቃ መሸጫ የሚሠራ ወጣት ነው፤ ሳቁ ከመንገድ ማዶ ይሰማል።

"ስልኩስ?" አልኩት።

"ቻርጅ ላድርግልህ ብዬ ወስጄ አጥፍቼዋለሁ። ፌስቡክ እንዳይቀድመን ፈርተን ነው።"

"መኪናውስ? ያረጀ እንዳይሆን! መንገድ ላይ የሚቆም እንዳይሆን!"

ሙዲን ግራ ገባው። እናቱ የሞተችበትን ልጅ ትቼ ስለ መኪና ስጨቀጭቅ ምን ይበል? ተናድጄ ነበር። ንዴቱ የሙዲን ዕዳ አይደለም፤ ከሙዲን መወለድ በፊት የነበረ ነው።

ያኔ ድሬዳዋ የሂሳብ አስተማሪ ነበርኩ፤ ሥራ ከያዝኩ ገና ዓመት አልሞላኝም። ሞባይል የሚባል ነገር የለም። ነሐሴ ነው። ትምህርት ቤቱ ቢዘጋም እኔ ለሚደግሙ ተማሪዎች ክረምቱን አስተምር ነበር። አዲስ አበባ ዝናብና ጭቃ ነው፤ ድሬዳዋ ደግሞ ጠዋት የለበስከው ሸሚዝ ረፋዱ ላይ ከጀርባህ ጋር ይጣበቃል። በዚያ ሙቀት፣ አንድ ረፋድ ላይ፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም ጋሽ ታደሰ የሱፍ ካፖርቱን እንደለበሰ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ላብ ከግንባሩ ይንጠባጠባል።

"አባትህን ትንሽ አሞታል። ሊያይህ ፈልጓልና እንሂድ። ትኬቱን ቆርጫለሁ፤ ያመጣኝ አውሮፕላን ነው መልሶ የሚወስደን" አለኝ።

አንባቢን ማንጠልጠል አልወድም፤ እኔን ያንጠለጠሉኝ ይበቃል። አባቴ በዋዜማው ሞቷል። እኔን ሲጠብቁ አስከሬኑን አንድ ሌሊት አሳድረውታል፤ ሁለተኛ ሌሊት አይሆንም ተብሎ ቀብሩ የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ልደታ ማርያም እንዲሆን ተቆርጧል። ጋሽ ታደሰ የተላከው እኔን ለቀብሩ እንዲያደርስ ነው። ግን መርዶ በእኛ ዘንድ መንገድ ላይ አይነገርም። ሰው ቤቱ ይገባል፣ ዘመድ ግራና ቀኝ ይቆምለታል፣ ከዚያ ይነገረዋል። ስለዚህ ጋሽ ታደሰ ያንን ሬሳ በሆዱ ተሸክሞ፣ አጠገቤ ተቀምጦ መሄድ ነበረበት።

እኔስ? እኔ ደስ ብሎኝ ነበር። አባቴ አስም ነበረበት፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ያመዋል፣ መስከረም ሲጠባ ይሻለዋል። በአውሮፕላን ግን ተሳፍሬ አላውቅም። አባቴም ተሳፍሮ አያውቅም። ልደታ፣ ከአሮጌው የአውሮፕላን ማረፊያ ብዙም ሳይርቅ፣ በረንዳው ላይ የስፌት መኪናውን አቁሞ ልብስ ይሰፋ ነበር። በጣሪያችን ላይ ትንንሽ አውሮፕላኖች ሲያልፉ እግሩን ከመርገጫው አንስቶ ቀና ይላል። "እንዲያው እዚያ ላይ ሆኖ ሰው ምን ይታየዋል?" ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ነው። ለሥራ ድሬዳዋ በባቡር ስሄድ ጣቢያ ድረስ ሸኝቶኝ "አንተ መሳፈርህ አይቀርም። ሁሉንም አይተህ ትነግረኛለህ" ብሎኝ ነበር። እንግዲህ ያን ቀን ዓይኔን ከፍቼ የተሳፈርኩት ለሁለት ሰው ነው።

አውሮፕላኑ ሦስቱንም ሞተሮቹን ጭራው ጋ የተሸከመ ጄት ነበር። ከሩቅ ሲያዩት ሸንቃጣ፣ ሲጠጉት ግን አሮጌ፤ ቀለሙ ክንፉ ሥር ተላልጧል። ከመሳፈራችን በፊት ታዲያ ተበላሸ። አንድ ቴክኒሻን መሰላል አቁሞ ጭራው ውስጥ ጭንቅላቱን ከተተ፤ እኛ ቆርቆሮ ጥላ ሥር ተደርድረን የሰውየውን እግር እናያለን። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ማንጎ በዘንቢል የያዘች ሴትዮ ማንጎዋ እንዳይበላሽ በነጠላዋ ታራግባለች። ጋሽ ታደሰ ይነሳል፣ ይቀመጣል፣ ሰዓቱን ያያል፣ ሄዶ ሠራተኞቹ ላይ ይጮኻል። በዝግታው የታወቀ ሰው ነው፤ ቅዳሴ እንኳን ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። አፈርኩበት።

"ጋሼ፣ ትንሽ ብንዘገይ ምን አለበት? አባባ የት ይሄድብናል?" አልኩት።

ዞር ብሎ ካፖርቱን አወለቀና አጣጥፎ እቅፉ ውስጥ ያዘው።

በመጨረሻ ተሳፈርን። ወንበሬ እንደ ሙዲን የመሃል ወንበር ወደ ኋላ የሚጥል ነበር፤ ከኋላዬ ያለው ሰውዬ ጉልበቱን ሦስት ጊዜ መታሁት መሰለኝ። ክንድ ማሳረፊያው ላይ ያለው የሲጋራ መተርኮሻ በማን ማስቲካ እንደሆነ እንጃ ተጣብቆ አልከፈት አለ። ሞተሩ ሲነሳ ከጣሪያው ቀዳዳዎች ነጭ ጉም ቱግ ብሎ ወጣ፤ ግማሹ ሰው "ተቃጠልን!" ብሎ ብድግ አለ። "የማቀዝቀዣው ነው፣ ተቀመጡ፣ የማቀዝቀዣው ነው" እያለች ሆስተሷ በመተላለፊያው ሮጠች። ስንነሳ የዕቃ ማስቀመጫው ክዳን በራሱ ተከፈተ፤ ከላዬም የቀዘቀዘ ውሃ ጠብ ጠብ ይል ጀመር። እኔ ይህን ሁሉ ወደድኩት። ዛሬ ድረስ እወደዋለሁ፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። መሬቱ ሲሸሽ፣ የድሬዳዋ ደረቅ ወንዝ እንደ ተጣለ መቀነት ተጋድሞ ሲታየኝ "ይሄን ለአባባ" አልኩ ጮክ ብዬ።

ጋሽ ታደሰ ተነስቶ ወደ ሆስተሷ ሄደ። ጆሮዋ ሥር የሆነ ነገር ሲላት አየሁ፤ እሷም እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ በኋላ የሆነልኝን ቢነግሯችሁ ሚኒስትር ነበርኩ ትላላችሁ። ሆስተሷ መጥታ "ወንድሜ፣ ከፊት የመስኮት ወንበር አለ፣ ይምጡ" ብላ እኔንና አጎቴን አዛወረችን። ሳንድዊች ሁለት ሰጠችኝ። ጋሽ ታደሰ አልቀመስ አለ፤ ፍልሰታ ስለሆነ ነው ብዬ የሱንም በላሁለት። ዳቦው ደርቋል፣ ሻዩ የቆርቆሮ ጣዕም አለው፤ ግን አየር ላይ የሚበላ ነገር ምን ጊዜም ይጥማል። ከኋላ ያለችው ባለማንጎ ሴትዮ ከዘንቢሏ አንድ አውጥታ "እንካ የኔ ልጅ" አለችኝ። ጉልበቱን የመታሁት ሰውዬ ሳይቀር መጥቶ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ሰው ሁሉ ፈገግ ይልልኛል። መልኬ አምሮ ነው ብዬ አሰብኩ፣ ምን ታደርጉታላችሁ።

ከረሜላ በትሪ ሲመጣ ሁለት አነሳሁ። "አንዱ ለአባቴ ነው፣ ታሟል። ተሳፍሮ ስለማያውቅ ላሳየው ነው" አልኳት። ሆስተሷ ትሪውን ዘቅዝቃ ያለውን በሙሉ ኪሴ ውስጥ ገለበጠችልኝና ፊቷን አዙራ ሄደች።

አዲስ አበባ ስንደርስ ደመናው ጥቁር ነው። ልንወርድ ስንል ሞተሩ አጓራና መልሰን ሽቅብ ወጣን። የአብራሪው ድምፅ መጣ፤ የፊት ጎማው መውረዱን የሚያሳየው መብራት አልበራ ስላለ እስኪጣራ ከተማው ላይ እንዞራለን አለ። ሴቶች አማተቡ። ጋሽ ታደሰ የፊቱን ወንበር በሁለት እጁ ጨብጦ "አሁን? አሁን?" አለ። ከጮኸው ሁሉ ይልቅ ያቺ ቀስ ያለች "አሁን" ናት ጆሮዬ ውስጥ የቀረችው። ቤት ያሉት እስከዚያ ሰዓት ድረስ ሊጠብቁን ተስማምተው ነበር፤ ከዚያ ካለፈ ዝናብም አለ፣ ሬሳውም አይችልም።

እኛ እንዞራለን። አንድ ዙር ላይ ደመናው ቅድድ አለና ከሥሬ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ባሕር ዛፍ፣ አሮጌው የአውሮፕላን ሜዳ ታየኝ። ከሜዳው ተነስቼ መንገዱን በዓይኔ ተከተልኩና ልደታ ማርያምን አገኘኋት። የቤተ ክርስቲያኗን ጉልላትና ዛፎቹን፣ ከዛፎቹም ሥር ነጭ ነጭ የለበሰ ሰው ተሰብስቦ አየሁ።

"ጋሼ! ጋሼ! ሰፈራችን! ልደታ! እየው፣ ሰው ሞልቷል፣ ዛሬ ምን በዓል ነው?"

ጋሽ ታደሰ በላዬ ተንጠራርቶ አየ። ከዚያ አጣጥፎ የያዘውን ካፖርት ፊቱ ላይ አደረገው። ከፍታ ፈርቶ መሰለኝና ሳቅሁበት። እንዲህ ከት ብዬ ሳቅሁበት። ዙሩ አልቆ እንደገና እስክንደርስ መስኮቱ ላይ አፍንጫዬን ለጥፌ ጠበቅሁ፤ በሁለተኛው ደመናው ገጥሞ ነበር።

ጎማው ደህና ነበር። የተበላሸው መብራቱ ብቻ ኖሯል። አንዲት ጤፍ የምታክል አምፖል! ስናርፍ ሰው አጨበጨበ፣ እኔም አጨበጨብኩ። ሆስተሷ በሩ ላይ እጄን በሁለት እጇ ይዛ "እግዚአብሔር ያጽናዎት" ልትል ጀምራ "እግዚአብሔር ይከተልዎት" አለች። ታክሲ ውስጥ ለአባቴ የምነግረውን በቅደም ተከተል አሰብኩ፤ ጉሙን፣ ወንዙን፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ልደታን።

ሰፈራችን መግቢያ ስንደርስ ዝናቡ አባርቶ ነበር። በራችን ላይ አንድ ልጅ ማንቆርቆሪያ ይዞ ቆሟል፣ ከሥሩ ሳፋ አለ፤ ሰዎች ተራ በተራ ጎንበስ እያሉ እጃቸውን ይታጠባሉ፣ ታጥበው ንፍሮ ወደሚዘገንበት ድንኳን ይገባሉ። እንደዚያ በር ላይ የሚታጠብ ከቀብር የተመለሰ ሰው ነው። መንገርም አላስፈለገም። ውሃውን ሳየው አወቅሁ። እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ነበር፤ ከረሜላውን እንደጨበጥኩ ቆምኩ።

ከአርባው በኋላ ጋሽ ታደሰን አፋጠጥኩት። "ለማያውቁኝ ሰዎች ነግረህ ለኔ አልነገርክም! አውሮፕላኑ ሙሉ ሰው አባቴ መሞቱን እያወቀ እኔ ሳንድዊች እበላለሁ! እሱ እየተቀበረ እኔ ከላይ እስቃለሁ!"

"ለልጅቷ የነገርኳት አብራሪው እንዲቸኩልልን ብዬ ነው። ከሷ አፍ ወጥቶ ይሆናል" አለኝ። ቀጥሎም ቀና ብሎ "ብነግርህስ? እዚያ ላይ ሆነህ ምን ልትሆን? በመስኮት ልትወርድ?" አለኝ።

መልስ ስለሌለኝ ነው ይበልጥ የተናደድኩት። እሱ እስኪሞት ድረስ ከልቤ አልታረቅሁትም። ያ ጄት ከዚያም በኋላ ለዓመታት በላያችን ሲያልፍ በድምፁ ለይቼው ወጥቼ አየው ነበር፤ እረግመዋለሁ፣ እስኪጠፋም በዓይኔ እሸኘዋለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም። በየትኛው ሆዴ ልውደደው? ቤታችን ፈርሶ አሁን የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከበረንዳዬ የልደታ ማርያም ዛፎች ከላይ ይታዩኛል፤ እህቴ "እይታው ደስ ይላል" ስትለኝ እበሳጫለሁ።

ይህን ሁሉ እያብሰለሰልኩ ሳለ ቢኒ እየሳቀ ገባ።

"ሙዲ፣ ጀለሴ፣ ስልኬ ሞላ?"

"ገና ነው፣ መብራት ይመጣል ይሄዳል" አለ ሙዲን፣ ዓይኑን ከመላጫው ሳያነሳ።

ቢኒ መሃለኛው ወንበር ላይ ዘፍ ሲል ወንበሩ ይዞት ሄደ። ከት ብሎ ሳቀ። እኔ ቁርጤን አድርጌ ነበር። ልነግረው ነው። ሰው ሐዘኑን ሊሰርቁት አይገባም፤ የራሱ ነው። አፌን ከፈትኩ።

"ፋዘር፣ እርስዎ በአውሮፕላን ሄደው ያውቃሉ? እኔ አንድ ቀን እናቴን ሳላሳፍር አልቀርም። ከፍታ ትፈራለች እንጂ" አለኝ።

ሙዲን በመስታወቱ ውስጥ አየኝ። መላጫውን አጠፋው።

ተነሳሁና "በግድግዳው በኩል ተቀመጥ፣ እሱ አይጥልም። ተራዬንም ውሰደው፣ እኔ አልቸኩልም" አልኩት። ሻይ አዘዝኩለት። አየር ላይ ሲሆኑ ምን ይታያል ብሎ ጠየቀኝ። ለአባቴ ባሰብኩት ቅደም ተከተል ነገርኩት፤ ቱግ ያለውን ጉም፣ ደረቁን ወንዝ፣ ኪሴ ውስጥ የተገለበጠውን ከረሜላ፣ ልደታን ከላይ። ልጁ እየሳቀ ሻዩን ረስቶ ይሰማኛል።

"እሺ ከዚያስ? ስታርፉስ?" አለኝ።

"ከዚያማ አረፍን" አልኩት።