ጥላ የታሰረለት ሳጥን

የወንዙን ሙላት እየለካ በሳተላይት ወደ መካነ ሰላም የሚልከው፣ ቆላ ያሉትንም «አትሻገሩ» የሚያስብለው ሳጥን ድምፁን ካጠፋ ሰንብቷል። ልትጠግነው የመጣችው እፀገነት ቁልቁለቱን ስትወርድ መጀመሪያ ያየችው ጥላ ነው። ዘርፉ የረገፈ የቤተ ክርስቲያን ጥላ፣ ሳጥኑን ከላይ ሸፍኖ ከምሰሶው ጋር በመጫኛ ታስሯል። ከሥሩ አንድ ሽማግሌ ቄስ ጀርባቸውን ለወንዙ ሰጥተው ተቀምጠዋል። ጥምጣማቸው ንጹሕ ነው፤ የጋቢያቸው ጫፍ ግን በጭቃ ተለውሷል። ነጎድጓድ ባጉረመረመ ቁጥር መቁጠሪያቸውን ጨበጥ ያደርጋሉ።

«ደህና ዋሉ አባ? ይኼን ማን አሰረው?»

«እኔ ነኝ ልጄ። ከሰማይ ጋር የሚነጋገር ነገር ያለ ጥላ ይቆማል እንዴ? በረዶውስ?»

በከላላ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። እፀገነት እየተጣደፈች ባትሪውን ቀየረች።

«አባ፣ ጉልበቱ ከፀሐይ ነው። ዝም ያለው ጥላው ፀሐይ ከልክሎት ነው።»

ፊታቸው አመድ መሰለ። መጫኛውን ሊፈቱ ተነሡ፤ ቋጠሮው እምቢ ሲላቸው በጥርሳቸው ያዙት።

«ሰሞኑን... ውሃ የወሰደው ሰው አለ?»

«አልሰማንም አባ።»

አረንጓዴዋ መብራት ብልጭ ስትል ዝናቡ ጀመረ። እፀገነት ጥላውን ልትዘረጋላቸው ብትል እምቢ ብለው አጣጥፈው በብብታቸው ያዙት። ከዚያም ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸውን ወደ መሻገሪያው አዞሩ።

«የእኔዋ ልጅ ያን ጊዜ ስትሻገር» አሉ፣ «የሚናገር አልነበረም።»