እንየው ጡሩምባ

ደሴ ውስጥ እንየው የሚባል ሰው ሞልቷል። በእኛ ሰፈር ግን አንድን ሰው "እንየውን ጥራልኝ" ብትሉት ጉንጩን በአየር ሞልቶ ያሳያችሁና "ይሄኛውን?" ብሎ ያረጋግጣል። እንየው ጡሩምባን ማለቱ ነው። የእድራችን ጡሩምባ ነፊ ነው። ሰው ያረፈ እንደሆነ ገና ሳይነጋጋ ተነስቶ በየመንገዱ እየነፋ፣ ማን እንዳረፈና ቀብሩ ስንት ሰዓት እንደሆነ የሚያሰማን እሱ ነው። ይህ ሰው ፊልም ተሠርቶለታል ብል የሩቅ ሰው ይስቃል። ተሠርቶለታል። ሊያበላሸው የደረሰውም፣ ያሳመረውም ያው ጡሩምባው ነው።

እንየው ድሮ ወታደር ነበር፤ የያዘው ግን ትራምፔት ነው። በደርግ ጊዜ በአንድ ክፍለ ጦር የሙዚቃ ጓድ ውስጥ ሲያገለግል፣ የጓዱ አለቃ ከማርሽ ልምምድ በኋላ የጃዝ ሸክላ ያስደምጣቸው ነበር። "ማርሽ መንገዱን ይዞ ይሄዳል" ይላል እንየው ጨዋታ ሲይዝ። "ጃዝ ከመንገድ ይወጣል። መውጣቱ አይከብድም፤ ማንም ሰካራም ይወጣል። ወንድ ከሆንክ ተመለስ!"

በሰማንያ ሦስት ሠራዊቱ ሲበተን ትራምፔቱ በሽሽት ላይ አንድ ካሚዮን ላይ ቀረ። እንየው በእግሩ ደሴ ገባ። ሲውል ሲያድር ኮምቦልቻ ወርዶ የአንድ ሆቴል ባንድ ውስጥ ተቀጠረ፤ መሣሪያው የሆቴሉ፣ ትንፋሹ የራሱ። ቅዳሜ ቅዳሜ የከባድ መኪና ሹፌሩም የፋብሪካ ሠራተኛውም ሊጨፍር ይመጣል። እንየው የባቲን ቅኝት አሳምሮ ይጀምርና፣ ጥቂት መለኪያ ከገባበት በኋላ ዘፈኑን ትቶ ይወጣል። ጨፋሪው ያነሳውን እግር የት እንደሚያሳርፈው ይጠፋዋል። የሆቴሉ ባለቤት ከባንኮኒው ኋላ ሆኖ፣

"አንተ እንየው፣ ዘፈኑን ይዘህ የት ሄድክ?" ይለዋል።

እንየው ከንፈሩን ከትራምፔቱ አላቆ "እመለሳለሁ" ይላል። አንዳንዴ ይመለሳል። አንዳንዴ ሳይመለስ ሰዉ ሒሳቡን ከፍሎ ይወጣል።

ከዚያ ኪቦርድ መጣ። ፀጋዬ የሚባል ጎረምሳ አንዱን ኪቦርድ ታቅፎ ገብቶ ከበሮውንም፣ ቤዙንም፣ ትራምፔቱንም በአሥር ጣቱ ተጫወተው፤ ባንዱ በሙሉ ቤቱ ገባ። የሆቴሉ ትራምፔት መጋዘን ተቆለፈበት። እንየው ደሴ ተመልሶ አረቄ ቤት ከረመ።

እድራችን ያገኘው እዚያ ነው። የቀድሞው ጡሩምባ ነፊ የፊት ጥርሳቸው ወልቆ አየሩ በጎን ያመልጥባቸው ጀመር። የእድሩ ዳኛ አቶ አግማስ ሰው ቢያጡ "ያ አረቄ ቤት የሚውለው ድሮ ነፊ አልነበረም እንዴ?" አሉ። ጠሩት። ጡሩምባ እንደ ትራምፔት ቁልፍ የለውም፤ ቢጨንቀው ሁለት ሦስት ድምፅ ቢያወጣ ነው። እንየው ግን ከንፈሩ ናስ ከነካ ቆይቶ ስለነበር ምንም ሳይጠይቅ ተቀበለ።

መጠጡን ግን አልተወም። እናም አንድ ማለዳ፣ የደሴ ጉም እጅ እስከማያሳይ ድረስ በወረደበት ቀን፣ ሰፈሩ እስከ ዛሬ የሚያወራውን ሥራ ሠራ። አረቄ ቤት ሳለ አንዱ "አራጋው አረፈ፤ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል" ብሎታል። የትኛው አራጋው ብሎ ማን ይጠይቅ። ጡሩምባውን አንስቶ ሰፈሩን በሙሉ ቀሰቀሰ። ጉሙ ውስጥ አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ አገኘና ቆመ።

"ማን ነው ያረፈው?" አሉት ሽማግሌው።

"አያ አራጋው።"

"ለቅሶው የት ነው?"

"እዚሁ፣ ቤታቸው።"

ሽማግሌው ዞር ብለው የገዛ ቤታቸውን አዩ አሉ። አያ አራጋው ራሳቸው ነበሩ። እሳቸውም ሊቀብሩ ነበር የወጡት። የሞተው የታችኛው መንደር አራጋው ነው። እስኪጣራ ድረስ ግን ዘመዶቻቸው ከቦሩ ሜዳ በሚኒባስ ተጭነው፣ እያለቀሱ፣ ደረታቸውን እየመቱ ደረሱ። አያ አራጋው በራፋቸው ላይ ቆመው ሁሉንም እየሳሙ አስገቡ፣ ምሳ አበሉ።

እድሩ በማግስቱ ጡሩምባውን ሊነጥቀው ተሰበሰበ። ያስቀሩት አያ አራጋው ናቸው። "እኔ ትርፍ እንጂ ኪሳራ የለብኝም" አሉ። "ማን እንደሚያለቅስልኝ አይቻለሁ። ማን ጨዋታ ይዞ እንደሚመጣም አይቻለሁ፤ አግማስ፣ አንተን ነው የምለው።" ከሳቁ በኋላ አቶ አግማስ አንድ ውል አስገቡት፦ የሟቹን ቤት ገብቶ በዓይኑ ሳያይ እንዳይነፋ፤ ሁለተኛ በሐሰት ከነፋ ጡሩምባውን አስረክቦ እንዲሄድ።

ይህች ውል ነች አረቄውን ያስተወችው። የሞተ ሰው ቤት፣ ቤተሰቡ ገና እንባው ሳይደርቅ፣ አረቄ እየሸተቱ መግባት አይቻልም። አንድ ቀን ሳይጠጣ ገባ፣ ሌላም ቀን ገባ፤ ሰው መቼም በየተራው ይሞታል፣ በዚያው ቀረ። ከእድሩ ሴቶች መካከል ለለቅሶ ቤት ንፍሮ የምትቀቅለውን ብዙዬን ያገባውም በዚሁ መመላለስ ነው። "ሬሳ ያጋባን" ትላለች እሷ። ሰው ፊት እንዲህ ስትል ደስ አይለውም።

ወደ ፊልሙ ልምጣ። በዘጠና ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ ሚሊኒየሙ በየሬዲዮው ሲወራ፣ አቢጌል የምትባል ልጅ ከኮምቦልቻ ወጥታ ታሪክዎን ፊልም ላድርገው ብላ በራፉን አንኳኳች። አዲስ አበባ ትያትር ተምራ የተመለሰች፣ የጴንጤ ቤተሰብ ልጅ ነች። አጎቷ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ያ ኪቦርዱን ታቅፎ የገባው ፀጋዬ። ጌታን ተቀብሎ አሁን ቤተ ክርስቲያን ነው የሚጫወተው። የሆቴሉን ሙዚቃ በተረከበ ሰሞን ባንዱ ሲሰናበት በካሴት ቀድቶት ኖሮ፣ ለእህቱ ልጅ ሰጣት።

ካሴቱን አሰማችው። እንየው ራሱን ሰምቶ አያውቅም። ዝም ብሎ አዳመጠ፤ ዘፈኑን ትቶ የሚወጣበት ቦታ ሲደርስ ግን፣ "ተመለስ፣ ተመለስ እንጂ" ይል ጀመር። በካሴቱ ላይ ተመልሷል። ለብዙዬ ቀና ብሎ "ይኸውልሽ" አላት። ይህ ድምፅ ፊልም ውስጥ ገብቶ ሰው እንዲሰማው ፈለገ፤ ሌላ ነገር አልፈለገም።

ድርሰቱን ስታነብለት ነው ነገር የመጣው። የፊልሙ ስም "ከትራምፔት ወደ ጡሩምባ" ነበር። ወጣትነቱን የሚሠራ ተዋናይ አለ፤ መጨረሻውን ራሱ ይሠራል። በመጨረሻው ላይ ሰውዬው በጉም፣ ባዶ መንገድ ላይ፣ ብቻውን ጡሩምባ እየነፋ ይሄዳል። አንድም በር አይከፈትም። ከዚያ ይሞታል።

"ማን ገደለኝ?" አለ እንየው።

"ፊልም ነው ጋሼ፤ መጨረሻ ያስፈልገዋል።"

"መጨረሻዬ ሲደርስ እድሩ ይነግርሻል።"

"እኔስ የት ነኝ?" አለች ብዙዬ። "ሚስት የለውም እንዴ ሰውዬው?"

አቢጌል ወረቀቱን ገለጥ ገለጥ አደረገች። "የጃዝ ሰው ብቸኛ ሲሆን ነው የሚያምረው፣ እትዬ ብዙዬ።"

"ያምርበታል። እንግዲያ ራቱንም ብቸኝነት ትሥራለታ።"

እንየው አልሳቀም። "ልጄ፣ ባዶ መንገድ ላይ ነፍቼ አላውቅም" አላት። "ይሄን ካሳየሽ ሰፈሩን ነው የምታሰድቢው። ደግሞ ሰው ሳይሞት አልነፋም፤ ጡሩምባዬን ይነጥቁኛል።"

"ያለ መጨረሻው ፊልሙ አይሆንም፣ ጋሼ" አለች። አመሏ ቀና ነው፤ ግን ሐሳቧን ይዛለች። "ካሴቱም የሚገባው እዚያው ላይ ነው።"

ነገሩ እንዲህ ሆነ እንግዲህ። እምቢ ቢል ትራምፔቱ ሳይሰማ ይቀራል፤ እሺ ብሎ ቢነፋ ጡሩምባው ከእጁ ይወጣል፣ የሰፈሩም እምነት አብሮ። ሰሞኑን ምግብ አልበላ አለው፤ ብዙዬ ናት ለእድሩ ያመለከተችለት።

እሑድ እድሩ ተሰበሰበ። አቶ አግማስ "ጡሩምባ የእድር ንብረት ነው፤ ውሸት አይነፋበትም" ብለው ሊዘጉት ነበር። አያ አራጋው እጃቸውን አወጡ።

"በእኔ ስም ይንፋ። አንዴ ሞቼ አይቼዋለሁ፤ አይከብድም።"

"እርስዎን ደግሞ ስንቴ እንቅበርዎ?" አሉ አቶ አግማስ።

ሲጨቃጨቁ ውለው በመጨረሻ ተፈቀደ። አንድ ጊዜ ብቻ፤ የማንንም ስም እንዳይጠራ፤ አስቀድሞም ጡሩምባ ሳይዝ በየቤቱ ዞሮ የነገው ለቅሶ እንዳልሆነ እንዲያስታውቅ።

ዞረ። በየበሩ እያንኳኳ "ነገ የምነፋው ለፊልም ነው፤ የሞተ የለም፤ እንዳትወጡ" አለ። ኡሙሰልማ ከሁላችን ቀድማ ለቅሶ ቤት የምትደርስ ጎረቤታችን ናት። እሷ ብቻ አልገባትም።

"የሞተ ከሌለ ታዲያ ምን ብዬ ልነሳ?"

"አትነሺ ነው የምልሽ።"

"ጡሩምባ እየተነፋ?"

"አዎ።"

"አብሽር" አለችው፤ እሺ ትበል እምቢ ትበል ግን አልታወቀም።

በማግስቱ ጉሙ ልክ አቢጌል እንደተመኘችው ወረደ። በሺር የሚባለው ካሜራ ያዥ ከዳገቱ ጫፍ ቆመ። እንየው ከታች ተነሳ፤ ጡሩምባውን አፉ ላይ ደግኖ ነፋ። ባዶ መንገድ፣ ጉም፣ አንድ ሰው። አቢጌል እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ታያለች።

መጀመሪያ የተከፈተው የኡሙሰልማ በር ነው። ነጠላዋን ለለቅሶ አዘቅዝቃ ወጣች። ቀጥሎ አያ አራጋው በጋቢና በከዘራ። ከዚያ ወዲያ ማን ይቁጠረው፤ በሩ ሁሉ ሲጢጥ አለ። ሁለት ጎረምሶች የእድሩን ድንኳን እንጨት ትከሻቸው ላይ አድርገው ከጉሙ ውስጥ ብቅ አሉ። ብዙዬም ነጠላዋን ደርባ ተከተለች። ከኋላ፣ ኮፍያቸውን እያስተካከሉ፣ ፍርዱን የፈረዱት አቶ አግማስ ራሳቸው። እኔም ወጥቻለሁ፤ ጫማዬ ግራና ቀኙ አንድ አልነበረም።

አቢጌል ወደ እንየው ሮጠች። "ጋሼ፣ አልነገሯቸውም እንዴ?"

"ነግሬያቸዋለሁ።"

"ነግሮናል" አሉ አቶ አግማስ። "ውሸት መሆኑንም እናውቃለን። ጡሩምባ ሲነፋ ግን ተኝቼ አላውቅም። ምን ላርግ፣ እግሬ ነው የመጣው።"

"እሺ፣ ይግቡልንና እንደገና እንቅረጸው።"

"አንድ ጊዜ ነው የተፈቀደው፣ ልጄ።"

በሺር ካሜራውን አልዘጋም። ሰዉም አልተነቃነቀም። ጡሩምባ ከተነፋ በኋላ ስም ይጠራል፤ ሁላችንም እንየውን እያየን ስም እንጠብቃለን። እሱም ጥሪ ጀምሮ ሳይጨርስ መግባት አያውቅም። ጡሩምባውን ዝቅ አደረገ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ እንደ ወትሮው ጮክ ብሎ፣

"እድርተኞች" አለ፤ "ሰካራሙ እንየው አርፏል። ቀብሩ ድሮ ተፈጽሟል። ወደየቤታችሁ ግቡ።"

"ስም እንዳትጠራ ብዬህ ነበር" አሉ አቶ አግማስ።

"የራሴን ነው፣ ጋሼ።"

ኡሙሰልማ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። አያ አራጋው በከዘራቸው ተደግፈው "ነፍስ ይማር" አሉ። "ደግ ሰው አልነበረም። የሌላ ሰው ሞት ነበር የሚሰጠኝ።" ያኔ ሳቁ ከዳር እስከ ዳር ሄደ፤ የድንኳኑን እንጨት የተሸከሙት ልጆች ሳቅ አሸንፏቸው እንጨቱን አወረዱት። አቢጌል ጥቂት ቆይታ ነው የሳቀችው። ከዚያ በሺርን "ሁሉንም ይዘኸዋል?" ብላ ጠየቀችው።

ይዞታል። ፊልሙ በሚሊኒየሙ ዋዜማ ሰሞን እዚሁ ደሴ፣ ፒያሳ አንድ አዳራሽ ውስጥ ሲታይ እድሩ በሞላ ሄድን። ስሙ "እመለሳለሁ" ሆኖ ነበር። የመጨረሻው ላይ ሰውዬው ጉሙ ውስጥ ይነፋል፣ በር ይከፈታል፣ ሌላም በር ይከፈታል፤ ስሙን ጠርቶ ሲጨርስ የካሴቱ ትራምፔት ይገባል። እኛ ግን ለራሳችን ስንንጫጫ ትራምፔቱን ልንውጠው ደረስን። ኡሙሰልማ "ወላሂ ቀድሜ የወጣሁት እኔ ነኝ፣ እዩት" ትላለች። ብዙዬ ስትታይ "ይቺ ናት ሚስቱ" አለች፣ ጮክ ብላ፣ ለማያውቃት ሁሉ። አቶ አግማስ ናቸው "ዝም በሉ፣ ሰውዬው ሊመለስ ነው" ያሉን። ዝም አልን። እንየው እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጣቶቹ ብቻ ይንቀሳቀሳሉ፤ የሌለ ቁልፍ እየተጫኑ። ዜማው ዞሮ ወደ ቤቱ ሲገባ ትንፋሹን ለቀቀ።

አዲስ አበባ ያዩት ሰዎች መጨረሻው አላሳዘነንም ብለዋታል አሉ። አቢጌል ይህን ስትነግረው እንየው "እኛንም አላሳዘነንም" አላት።

ጡሩምባው አሁንም እሱ ዘንድ ነው። ለቅሶ ያለ ማለዳ፣ ሟቹን አይቶ ከወጣ በኋላ፣ በአያ አራጋው ደጅ ሲያልፍ ጥቂት ቆም ይላል። ሽማግሌው ከውስጥ ሆነው፣

"ዛሬስ? እኔ ነኝ?" ይሉታል።

"እርስዎ አይደሉም፣ አያ። ይልበሱና ይውጡ።"

"እየወጣሁ ነው" ይላሉ፤ ከዘራቸው ወለሉን ሲመታ ይሰማል።